ባለ አንድ ዓይኑ ተሽከርካሪ፦ የሞተር ሳይክል መብራት ከካርባይድ እስከ ኤልኢዲ

በ1964 የጸደይ ወራት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተሞች፣ በክላክተንና በብራይተን፣ ሁለት የወጣት ጎራዎች ተደባደቡ። ሮከርስ የሚባሉት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሰው ከባድ ሞተር ሳይክል የሚጋልቡ ነበሩ። ሞድስ የሚባሉት ደግሞ ሱፋቸውን ጥንቅቅ አድርገው ለብሰው፣ እንዳይቆሽሽባቸው ሰፊ የወታደር ካፖርት ከላይ ደርበው፣ በጣሊያን ሥሪት ቬስፓና ላምብሬታ ይንፈላሰሱ ነበር። ጋዜጦቹ ጠቡን ከሆነው በላይ አጋነው ጻፉ። ከዚያ ሁሉ ግርግር በሕዝብ ትዝታ የቀረው ግን የሞዶቹ ስኩተር መልክ ነው፤ ከፊት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ መብራት ተደርድሮበት፣ ግራና ቀኙን ስፖኪዮ ሞልቶት። ትልልቅ ሰዎች ሳቁባቸው። ይህ ሁሉ መብራት ምን ሊያደርግ ነው? አንድ አይበቃም?

አንድ አይበቃም። ይህን በሙከራ ለማሳየት ግን ሌላ 48 ዓመት ፈጀ። በ2012 እዚያው እንግሊዝ፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ፣ ማርክ ጉልድና ባልደረቦቹ ወደ ተመልካች የሚመጣ መኪናና ሞተር ሳይክል በኮምፒዩተር ምስል እያሳዩ ሰዎች ፍጥነታቸውን እንዲገምቱ አደረጉ። ብርሃኑ እየደበዘዘ ሲሄድ የመኪናው ፍጥነት ግምት ብዙም አልተዛባም። የባለ አንድ መብራቱ ሞተር ሳይክል ግምት ግን ክፉኛ ተበላሸ። ሞተሩ ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ተጨምረው ከዋናው ጋር ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ በጨለማውም ግምቱ ተሻሻለ።

ሞዶቹ ይህን አላወቁም፤ ቢያውቁም ግድ አይሰጣቸውም ነበር። የፈለጉት ማጌጥ ነው። ነገር ግን የዚህን ተሽከርካሪ የ140 ዓመት ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መሐንዲሶቹ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ የኖሩት «ነጂው በሌሊት ምን ያህል አርቆ ያያል?» የሚለውን ብቻ ነው። «ሌላውስ እሱን እንዴት ያየዋል?» የሚለውን ጥያቄ በእጃቸው ሲነካኩ የኖሩት፣ ሳያውቁት፣ ለውበት ብለው መብራት የሚደረድሩ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ጌጥ ተብሎ ተናቀ፤ እስካሁንም ይናቃል። እንደ እኔ ግምት ንቀቱ ግማሹ ተገቢ ነው፤ ግማሹ ግን ነፍስ የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው በቤንዚን የሚሄድ ሞተር ብስክሌት መብራት የሚባል ነገር አልነበረውም። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 በጀርመን ካንሽታት የሠሩት፣ አካሉና ጎማው ከእንጨት የሆነ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የዳይምለር ልጅ ፓውል እስከ ኡንተርቱርክሃይም ድረስ ነዳው። ሞተሩን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ ከኮርቻው ሥር ስለነበረ ኮርቻው በመንገድ ላይ በእሳት ተያያዘ ይባላል። እንግዲህ የመጀመሪያው የሞተር ሳይክል ብርሃን ከነጂው መቀመጫ ሥር የወጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሞተር ሳይክል ሲጠቀም የቆየው ከብስክሌትና ከሠረገላ የወረሰውን መብራት ነው፤ ሻማ ወይም የዘይትና የነጭ ጋዝ ፋኖስ። ፋኖሱ መንገድ የማሳየት አቅም አልነበረውም። ነፋሱ ቢምረው እንኳ የሞተሩ ንዝረት ያጠፋዋል።

ለውጥ ያመጣው ካርባይድ ነው። ቶማስ ዊልሰን የተባለ ካናዳዊ በ1892 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ስፕሬይ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አሉሚኒየም በርካሽ ለማምረት ሲታገል፣ ኖራና የድንጋይ ከሰል ሬንጅ በኤሌክትሪክ ምድጃ አብሮ አጋየ። ያገኘው ብረት ሳይሆን፣ ውሃ ሲነካው የሚነድ ጋዝ የሚተፋ ግራጫ ድንጋይ፣ ማለትም ካርባይድ፣ ሆነ። ያ ጋዝ ዛሬ ከየብየዳ ቤቱ የምናውቀው አሲቲሊን ነው። ነበልባሉ ነጭና ብርቱ በመሆኑ መብራት ሠሪዎች ወዲያው ተሻሙበት።

የካርባይድ መብራት አሠራሩ ብልህ ነው። ላይኛው ክፍል ውሃ ይይዛል፤ ታችኛው ካርባይድ። ነጂው ትንሿን መክፈቻ ሲያዞር ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ ጋዙ ይፈጠርና በቀጭን ቱቦ ወደ መብራቱ አፍ ይወጣል፤ ነጂው መስታወቱን ከፍቶ ክብሪት ይለኩሳል። ከነበልባሉ ጀርባ ያለው የተወለወለ ሳህን ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውረዋል። በትልልቅ ሞተሮች ላይ ጋዝ ማመንጫው ለብቻው ከአካሉ ጋር ይታሰርና በጎማ ቱቦ ለፊቱም ለኋላውም መብራት ያከፋፍላል። በዚያ ዘመን ማታ ለመውጣት የፈለገ ሞተረኛ ካርባይድ መሙላት፣ ውሃ መጨመር፣ የጋዙን አፍ በቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ ከዚያም ነበልባሉ እስኪረጋ መጠበቅ ነበረበት። ጉዞው ሲያልቅ ደግሞ የቀረውን ነጭ የኖራ ጭቃ ጠርጎ መጣል አለ። በብርድ አገር ውሃው ወደ በረዶ ይለወጣል። ሽታው የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ውሃው ቢዘጋም የረጠበው ካርባይድ ጋዝ ማውጣቱን ወዲያው አለማቆሙ ነው፤ መብራቱ የሚጠፋው ነጂው ሲፈልግ ሳይሆን ራሱ ሲበቃው ነው። ያም ሆኖ ሰው ወደደው። ከፋኖስ ለመጣ ሰው ይህ ቀን የማየት ያህል ነበር።

ጋዙን አስቀድሞ አምቆ በዕቃ መያዝ እንዳይቻል፣ አሲቲሊን ሲታመቅ በራሱ ይፈነዳል። መላውን በ1897 ያገኙት ዦርዥ ክሎድና አልበር ሄስ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው፤ ጋዙን አሴቶን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ማሟሟት። የክሎድን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። በ1904 ካርል ፊሸርና ጄምስ አሊሰን በኢንዲያናፖሊስ፣ በኋላ ፕረስት-ኦ-ላይት የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው የታመቀ አሲቲሊን በሲሊንደር መሸጥ ጀመሩ። ደንበኛው ባዶውን መልሶ ሙሉውን ይወስዳል፤ ልክ እንደ ዛሬው የወጥ ቤት ጋዝ። ትንሹ ሲሊንደር በአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች ላይ ተለመደ። ፊሸር ከመብራት ባገኘው ሀብት ከሸሪኮቹ ጋር በ1909 ዝነኛውን የኢንዲያናፖሊስ የውድድር ሜዳ ሠራ። በዚያ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የተሽቀዳደሙት የሞተር ተሽከርካሪዎች መኪኖች አይደሉም፤ ሞተር ሳይክሎች ናቸው።

ኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ቀድሞ ገባ። የጀርመኑ ቦሽ በ1913 የፊት መብራቱን፣ ዲናሞውንና መቆጣጠሪያውን አንድ ላይ አቀናጅቶ ለገበያ አቀረበ። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ቦታ የለም፤ ክብደት አይፈለግም፤ ንዝረቱም ባትሪ ይገድላል። ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1914 ሄንዲ ስፔሻል የሚል፣ የኤሌክትሪክ ማስነሻም መብራትም ያለው ሞተር ይዞ ወጣ። ባትሪዎቹ ሥራውን አልቻሉትም፤ ሞዴሉ በዓመቱ ቀረ። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1915 ማስነሻውን ትቶ መብራቱን ብቻ ወሰደ። ይሄኛው ሠራ። ሃርሊ በትልልቅ ሞተሮቹ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያደረገው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በኤሌክትራ ግላይድ ነው። መብራት ከማስነሻ በፊት መምጣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ሞተር በእግርም ይነሳል።

በእንግሊዝ ደግሞ የበርሚንግሃሙ ሉካስ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን ማግኔቶና ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞ በአንድ አካል አጣምሮ «ማግዳይኖ» ብሎ ሸጠ። እስከ 1950ዎቹና ከዚያም ወዲህ ብዙው የእንግሊዝ ሞተር ባለ 6 ቮልት ነበር፤ የፊት አምፖሉም ከ24 እስከ 30 ዋት ቢደርስ ነው። ነጂዎቹ የፋብሪካውን መሥራች ጆሴፍ ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ሲያፌዙበት ኖረዋል። ምስኪኑ ሰውዬ የሞተው በ1902 ነው። በሕይወት ዘመኑ ታዋቂ ያደረገው ግሩም የብስክሌት ፋኖስ ነበር፤ ያ ሁሉ የዲናሞ ጣጣ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ሁሉ ነጂው እንዲያይ የተደረገ ትግል ነው። መታየት ራሱን የቻለ ጉዳይ መሆኑን አንድ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ጊዜ የተማረው በጦርነት ነው። በሴፕቴምበር 1939 እንግሊዝ የጀርመንን አውሮፕላን ፈርታ መብራቷን አጠፋች። የመንገድ መብራት ጨለመ፤ የመኪናና የሞተር የፊት መብራት ጠባብ ቀዳዳ ባለው ጭምብል ተሸፈነ። ቤንዚን በራሽን ነበር፤ በመንገድ ላይ ያለው ተሽከርካሪም ከወትሮው ያነሰ ነው። ሆኖም በ1941 በብሪታንያ መንገዶች 9,169 ሰዎች ሞቱ። እስከ ዛሬ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ሰው በዚያ አገር መንገድ ላይ ሞቶ አያውቅም። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ መብራት መጨመር አልነበረም፤ እሱማ ክልክል ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ ዛፎች፣ የመኪናና የሞተር ፓራፋንጎ ነጭ ቀለም ተቀባ። ዮርክሸር ውስጥ መንገድ ሠሪ የነበረው ፐርሲ ሾው በ1934 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የሚያንጸባርቅ የመስታወት ዓይንም የሚገባውን ዋጋ ያገኘው በዚያ ጨለማ ነው። ነጭ ቀለም መንገድ አያበራም። ዳሩን፣ ጫፉን፣ ቅርጹን ይናገራል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ትምህርቱ አብሮ ተረሳ፤ ሰው ወደ ኃይለኛ አምፖል ፍለጋው ተመለሰ። በ1946 ከፒያጆ ፋብሪካ የወጣው የኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቬስፓ አንድ ትንሽ መብራት ከፊት ፓራፋንጎው ላይ ይዞ መጣ፤ መብራቱ ወደ መሪው ከፍ ያለው በኋላ ነው። ሞዶቹ መብራት የደረደሩት እንዲህ ባለ ደካማ ኤሌክትሪክ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ ማብራት አይችሉም ነበር። አሜሪካኖቹ ይሻሉ ነበር፤ የፖሊስና የረጅም ጉዞ ሃርሊዎች ከዋናው መብራት ግራና ቀኝ ሁለት ረዳት መብራት መያዛቸው የቆየ ልማድ ነው። ከ1975 ወዲህ ደግሞ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ባለቤቶች ሞተራቸውን ከዳር እስከ ዳር በትንንሽ መብራት ማስጌጥን እንደ ሙያ ያዙት። ወጣት ነጂዎች ስቀውባቸዋል፤ የገና ዛፍ ብለዋቸዋል። ከእነዚያ «የገና ዛፎች» አንዱን በሌሊት አላየሁትም የሚል ሹፌር ግን አይገኝም።

ሳይንሱ የደረሰው በ1981 ነው። በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርትና ቡድኑ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በ1976 እና በ1977 ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ፤ በተጨማሪ 3,600 የፖሊስ መዝገቦችን አገላበጡ። ሞተር ሳይክል ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ሆኖ ተገኘ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ሹፌሩ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሞተር አቋርጦ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያም «አላየሁትም» ይላል። ኸርት ሹፌሮቹ ውሸታም ናቸው አላለም። በእርግጥም አላዩትም፤ ወይም ዓይናቸው አይቶት አእምሯቸው አልቆጠረውም።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠይቃል። የመኪና ሁለት የፊት መብራቶች በመካከላቸው 1.4 ሜትር ያህል ርቀት አላቸው። የአንድ ሞተር ሳይክል መብራት ስፋት 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይናችን የሚመጣን ነገር ፍጥነት የሚያነበው ነገሩ ሲቀርብ እንዴት እየሰፋ እንደሚሄድ በማየት ነው። በመኪናው ላይ ሁለቱ መብራቶች እየተራራቁ ይመጣሉ፤ አእምሮ ይህን ወዲያው ይመዝነዋል። በቀን ከሆነ የሞተረኛውም ትከሻ፣ መሪውና ጎማው አብረው ይሰፋሉ። በሌሊት ግን ይህ ሁሉ ይጠፋና አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ የሚሰፋው ነገር ከመኪናው ስምንት እጥፍ ያንሳል። ነጸብራቁ ደግሞ የነጥቡን ጠርዝ ራሱን ይበላዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 60 ሜትር ለመጨረስ 3.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ሹፌሩ ሩቅ ነው ብሎ የሚታጠፈው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ነጥብ ብርሃን ምን እንደሆነ አይናገርም። ቀስ ብሎ የሚመጣ ብስክሌት ሊሆን ይችላል፤ አንድ መብራቱ የተቃጠለ አይሱዙም ሊሆን ይችላል። በሀገራችን የገጠር መንገድ ማታ የነዳ ሰው ይህን ግራ መጋባት በደንብ ያውቀዋል፤ ሞተር ነው ብሎ ሊተላለፈው ሲል ሙሉ የጭነት መኪና የሚገጥመው ጊዜ አለ።

ስለዚህ የመብራቱን ዋት ማሳደግ ለዚህ ችግር መልስ አይሆንም። ነጥቡ ቢደምቅም ነጥብ ነው። የሮያል ሆሎዌይ ሰዎች ሦስት ማዕዘን የሞከሩት፣ በድሬስደን ያሉ ጀርመናውያን በዚያው በ2012 የ«ቲ» ቅርጽ ያለው አቀማመጥ ሞተርን ቶሎ እንደሚያስለይ ያሳዩት፣ ሆንዳም የሰው ፊት የሚመስል የመብራት አደራደር ላይ የደከመው ለዚህ ነው። ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው የደረሱት፤ ቅርጽ ያስፈልጋል።

ሕግ አውጪዎች በዚህ መካከል ቀላሉን መንገድ ይዘዋል፦ መብራቱ ቀንም ይብራ። ካሊፎርኒያ ከ1978 ጀምሮ የተሠሩ ሞተሮች የፊት መብራታቸው ሁልጊዜ እንዲበራ አስገደደች። ማሌዥያ በ1992 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ በኋላ በሴረምባንና በሻህ አላም የተደረገ ጥናት ካለመታየት ጋር የተያያዙ የሞተር አደጋዎች በ29 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። በ2004 ከኒው ዚላንድ ኦክላንድ የወጣ ጥናት ደግሞ በቀን መብራት ማብራት የጉዳት አደጋን በ27 በመቶ፣ የሚያንጸባርቅ ወይም የሚያበራ ቀለም ያለው ልብስ በ37 በመቶ፣ ነጭ የራስ ቁር ከጥቁሩ አንጻር በ24 በመቶ ዝቅ ካለ አደጋ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ዘገበ። ሕንድ ከኤፕሪል 1 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ ባለ ሁለት ጎማ ሁሉ ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ አብሮ እንዲበራ ደነገገች። ይህ መፍትሔ ግን ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው። አውሮፓ ከ2011 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖችንም የቀን መብራት አስገድዳለች። ሁሉም ካበራ ደግሞ ሞተረኛው እንደ ገና ከብዙዎቹ አንዱ ይሆናል።

አሁን ወደ ዦርዥ ክሎድ። ያ አሲቲሊንን ያሟሟ ሰው በ1910 በፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ቀይ የሚያበሩ ረጃጅም የኒዮን ቱቦዎች ሰቅሎ ዓለምን አስደነቀ። (በኋላ ከናዚ ጋር በማበሩ በ1945 ተፈርዶበት ታስሯል፤ ብርሃን መሥራትና ብሩህ መሆን ለየቅል ናቸው።) ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ወጣቶች ያንን ኒዮን ከመኪናና ከሞተር ሥር ማሰር ጀመሩ። ለሞተር ሳይክል አልተመቸም፤ ቱቦው መስታወት ነው፣ የሚፈልገውም በሺህ የሚቆጠር ቮልት። ነገሩን ሁሉ ያቀለለው ኤልኢዲ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ቀዩን ሠራ፤ ሹጂ ናካሙራ በጃፓኑ ኒቺያ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ አወጣ፤ ለሰማያዊውም በ2014 ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሰማያዊው ላይ ቢጫ ቅመም ሲቀባ ነጭ ይሆናል። ለሞተረኛ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ላይ የተለመደው የፊት አምፖል 35 ዋት ይበላል፤ በዚያ ኃይል ሰባት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ይበራል። ንዝረት አይገድለውም። ሞዶቹ ሊያበሩት ያልቻሉትን ሁሉ ዛሬ ማንም ያበራዋል።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ወይም በድሬዳዋ ሲመሽ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባጃጆቹን ይያቸው፤ ከሥር አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሐምራዊ፣ ከኋላ ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊና ቀይ። ሞተር ሳይክሎቹም ይህንኑ ፋሽን ይከተላሉ። አዲስ አበባ በ2019 ከዝርፊያ ጋር በተያያዘ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከመንገድ ስላስወጣች እዚያ ነገሩ ጎልቶ አይታይም፤ ዕቃ አድራሾቹና እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ግን አሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም። በጨለማ የማይሰማና የማይታይ ነገር ሲመጣ እግረኛው ምን ያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከእነዚህ 21 በመቶው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው።

ይህን ጌጥ በደፈናው የሚያወግዙ የትራፊክ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ከሥር የሚበራ መብራት ሞተሩን፣ ጎማውንና የነጂውን እግር ያሳያል፤ መሬቱ ላይም ብርሃን ይጥላል። ሞተር ከጎን ሲታይ በሌሊት ጨለማ ነው ማለት ይቻላል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ በጎን የሚገጨውም ለዚህ ነው። መብራቱ ትርፍ አይደለም፤ ችግሩ ቀለሙና ብልጭታው ነው። በ1968 የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቀይ ብርሃን ወደ ፊት፣ ነጭ ብርሃን (ከኋላ ማርሽ መብራት በቀር) ወደ ኋላ እንዳይበራ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሌሊት ቀይ ሲያይ ከፊቱ የሚሄድ ነገር ጀርባ እንደሆነ ያምናል። ሰማያዊ ብልጭታ በብዙ አገር የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። አሜሪካ የሞተር ሳይክል የፊት መብራት እንዲርገበገብ ፈቅዳለች፤ ግን በቀን ብቻ፣ በደቂቃ 240 ጊዜ ገደማ፣ ሲጨልም ራሱን በሚያቆም መሣሪያ። በጨለማ የሚርገበገብ ብርሃን የሚመጣውን ነገር ርቀት ይበልጥ ያደበዝዘዋል።

እንግዲህ ሞተር ወይም ባጃጅ ያላችሁ፦ መብራት ጨምሩ፤ ግን ቅርጻችሁን እንዲናገር አድርጋችሁ ጨምሩ። ከፊት ሁለት ትንንሽ ነጭ ወይም ቢጫ መብራት፣ ከፊተኛው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው፣ ከዋናው ጋር ሦስት ማዕዘን የሚሠሩ፤ የማይርገበገቡ፤ ጨረራቸው መሬቱን እንጂ የሰው ዓይን የማይመታ። ከሥር ካስፈለገ ደብዛዛ ነጭ ወይም ቢጫ፣ አምፖሉ ራሱ ከውጭ የማይታይ። ከኋላ ቀይ ብቻ፤ እሱም ከፍሬን መብራቱ እጅግ የደበዘዘ፣ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዙ ማንም አያውቅም። ቢጫውን ከፍሬቻ አርቁት። ጎማው ጎንና ኮርቻው ሥር የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፉ፤ ባትሪ አይበላም። ሽቦውን በቀጥታ ባትሪ ላይ አታስሩት፤ በቁልፉ በኩል ይለፍ፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑረው፤ ተፈግፍጎ የተላጠ ሽቦ ከነዳጅ ጋን ሥር ምን እንደሚያደርግ ከዳይምለር ኮርቻ መገመት ይቻላል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ማታ ላይ ጓደኛችሁን አስነዱትና እናንተ መንገድ ዳር ቁሙ። ከ60 ሜትር ሲመጣ ሞተር መሆኑን ለዩ፤ ሲያልፍ ከጎን እዩት፤ ሲርቅ ፍሬን እንዲይዝና ፍሬቻ እንዲያሳይ አድርጉ። ፍሬኑና ፍሬቻው ጥርት ብለው ካልተለዩ የጨመራችሁትን ንቀሉት።